ዕፀዋትን በዕፀዋት መጠበቅ

ካርቱም የነጭ ዓባይና የጥቁር ዓባይ መገናኛ ናት። ከጣና ሐይቅ ወጥቶ የጎጃምን ምድር የሚዞረው፣ ደለል ተሸክሞ ወደ ቆላ የሚወርደው ውሃችን ከነጭ ዓባይ ጋር የሚቀላቀለው እዚያ ነው። ከጥቁር ዓባይ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው የሰሜን ካርቱም ክፍል፣ ካፉሪ የተባለ ሰፈር ይገኛል። ስሙን የወሰደው በቀድሞ ዘመን በስፍራው የወተት ላሞች ያረባና አትክልት ያለማ ከነበረ ካፉሪ ከሚባል ቤተሰብ ነው። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ የላሙ በረትና የአትክልቱ መደብ ለመኖሪያ ቤት ስፍራ ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ነዋሪውን በተነው። ከካፉሪ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በባሕሪ ውስጥ፣ ሻምባት የሚባል ስፍራ አለ፤ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ የተመሠረተው በዚያ ነው።

ይህን ሰፈር የጽሑፌ መነሻ ያደረግሁት ስለ ቤቶቹ ለማውራት አይደለም። በካርቱም ጎዳናዎችና ግቢዎች ሁሉ ጥላው ስለሚፈለግ አንድ ዛፍ ለመናገር ነው። ይህ ዛፍ ኒም ይባላል። የትውልድ አገሩ ሕንድና አካባቢዋ ቢሆንም ሙቀትንና ድርቅን ስለሚችል በሱዳን ተስማምቶት በርክቷል። በአገራችንም እንደ ድሬዳዋ፣ አፋርና ጋምቤላ ባሉት ቆላማ ስፍራዎች ይበቅላል። ቅጠሉን ያኘከ ሰው ምሬቱን በቶሎ አይረሳውም።

እ.ኤ.አ. በ1959 ሔንሪክ ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ በሱዳን ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ የበረሃ አንበጣ መንጋ በአገሪቱ ላይ ወረደ። መንጋው ያገኘውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ ሲግጥ የኒም ዛፎች ግን ቅጠላቸውን እንደያዙ ቆሙ። አንበጦቹ በዛፉ ላይ ያርፋሉ፤ ነገር ግን ሳይበሉ ተነሥተው ይሄዳሉ። ይህን የመሰለ ነገር ያየ ገበሬ ከሽሙተረር በፊት አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የሕንድ ገበሬዎች የኒምን ቅጠል በእህል ጎተራቸው ውስጥ ማድረግ ከጀመሩ ዘመናት ተቆጥረዋል። ሽሙተረር ግን ያየውን «ይገርማል» ብሎ አልተወውም፤ ምክንያቱን ለማወቅ ቀሪ ዕድሜውን በሙሉ በዚህ ዛፍ ጥናት ላይ አዋለ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ የእንግሊዝ አገር ኬሚስቶች አንበጣን ከመብላት የሚከለክለውን ውሁድ ከኒም ፍሬ ነጥለው አወጡ፤ ስሙንም አዛዲራክቲን አሉት። ይህ ውሁድ አሠራሩ እጅግ የተወሳሰበ በመሆኑ በቤተ ሙከራ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሠርቶ ለመጨረስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሊቃውንት 22 ዓመት ፈጅቶባቸው የተሳካላቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኒም ግን ይህንኑ በየዓመቱ በየፍሬው ውስጥ ያለ አንዳች ድካም ይሠራዋል።

አንበጣ በዓይን የሚታይ ጠላት ነው። ሰብልን የሚያጠቃው ቫይረስ ግን በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። ከናይል ዳርቻ ቲማቲም የሚተክል የካርቱም ገበሬ የሚያየው ምልክቱን ብቻ ነው። ችግኙ ማደጉን ያቆማል፤ የቅጠሉ ጠርዝ ይገረጣል፤ ቅጠሉም ወደ ላይ እየተጠቀለለ እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። በለጋነቱ የተያዘ ተክል ለባለቤቱ አንዲት ቲማቲም እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ይህ በሽታ የቲማቲም ቅጠል መጠቅለል ይባላል፤ በእኛም አገር በስምጥ ሸለቆ የቲማቲም እርሻዎች ይገኛል። ከተክል ወደ ተክል የሚያደርሰው ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ነጭ ዝንብ ነው። ዝንቡ ከታመመው ተክል ላይ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ያህል ጭማቂ ከመጠጠ ቫይረሱን ይሸከማል፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት፣ ብዙውን ጊዜም እስኪሞት ድረስ፣ ባረፈበት ሁሉ ሲያድል ይኖራል።

አንድ ነገር በዚህ ላይ በግልጽ መታወቅ አለበት። በቫይረስ የተያዘን ሰብል በማሳ ላይ የሚፈውስ መድኃኒት የለም። በፈንገስ የታመመ ተክል መድኃኒት ተረጭቶለት ሊድን ይችላል፤ ቫይረስ ግን በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በሕዋሱ መሣሪያ ስለሚራባ እሱን ለብቻው ለይቶ መግደል አይቻልም። ስለሆነም የሚቀረው መንገድ በሽታው እንዳይደርስ መከልከል ወይም ተክሉ ራሱ እንዲቋቋመው ማድረግ ነው። ስለ ተፈጥሮ ውሁዶች የምሰጠው አስተያየት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ገበሬው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ዝንቡን በመርዝ መጨረስን ነው። ይህ ሐሳብ በሰፊው ተሞክሯል፤ የተሞከረበትም ስፍራ ከካፉሪ ሩቅ አይደለም። የሰናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ከተፈጸመ ወዲህ በሁለቱ ዓባዮች መካከል ያለው የጀዚራ ሜዳ በጥቁር ዓባይ ውሃ እየለማ ከዓለም ታላላቅ የጥጥ እርሻዎች አንዱ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የጥጥ ቅጠል መጠቅለል በሽታ ገባበት፤ ያንንም የሚያመላልሰው ይኸው ነጭ ዝንብ ነበር። በ1930ዎቹ የነበሩ አራቢዎች በታመመው ማሳ መካከል ጤናማ ሆነው የተገኙትን ተክሎች እየመረጡ፣ ዘራቸውን እየለዩ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አገኙ። ይህ አኩሪ ሥራ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የኬሚካል ዘመን መጣ። በ1950ዎቹ በአንድ የሰብል ወቅት አንድ ጊዜ ያህል ይረጭ የነበረው መርዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ደረሰ። ነጭ ዝንቡ ይጠፋል ሲባል ጭራሽ በረከተ፤ መርዙ ዝንቡን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት አስቀድሞ ፈጅቶ ነበርና። ከመርዙ የተረፉት ዝንቦችም መርዙን የሚችል ዘር ወለዱ። ዝንቡ የሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡን እያጣበቀ በዓለም ገበያ ላይ ዋጋውን አወረደው። ከዚህ ታሪክ በኋላ «መርዙን ብናበዛው ይሻላል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የጀዚራን ጥጥ እንዲያስታውስ እጠይቀዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ዕፀዋት ራሳቸው እንመለስ። ተክል ከጠላቱ መሸሽ አይችልም፤ በቆመበት ይወለዳል፣ በቆመበት ይሞታል። ስለዚህም መሣሪያውን በሰውነቱ ውስጥ መያዝ ግድ ሆኖበታል። እንደ እንስሳት በደም ሥር የሚዘዋወሩ ተከላካይ ሕዋሳት ባይኖሩትም የራሱ የሆነ ዘዴ አለው። ለምሳሌ ያህል አንዳንድ የትምባሆ ዝርያዎች በሞዛይክ ቫይረስ ሲነኩ በተነካው ቦታ ዙሪያ ያሉትን ሕዋሳት ራሳቸው ይገድላሉ፤ ቫይረሱም በሞተ ሕዋስ ቀለበት ውስጥ ታግቶ ይቀራል። በቅጠሉ ላይ የሚታየው ትንሽ ቡናማ ነጥብ የዚያ ውጊያ መቃብር ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህም የሚደንቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍራንክ ሮስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የትምባሆን የታችኛውን ቅጠል በቫይረስ ነካውና ከጥቂት ቀናት በኋላ የላይኛውን ቅጠል በዚያው ቫይረስ ነካው። በላይኛው ቅጠል ላይ የወጡት ነጥቦች በቁጥርም በስፋትም ያነሱ ሆነው ተገኙ። የታመመው ቅጠል ላልታመመው ወሬ ልኮለት ነበር ማለት ነው። ወሬውን የሚያደርሰው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1979 ሬይመንድ ኋይት የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የትምባሆን ቅጠል አስፕሪን ወጋው፤ ለራስ ምታት የምንውጠውን ያንኑ አስፕሪን። ቅጠሉ ቫይረሱን ይበልጥ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሁለት የተለያዩ የተመራማሪ ቡድኖች ተክሉ በበሽታ ሲነካ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባለውን የአስፕሪን ዘመድ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ አብዝቶ እንደሚሠራ አረጋገጡ።

ሳሊሲሊክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከአኻያ ዛፍ ነው። አኻያ በአገራችን ወንዞች ዳር የሚበቅል፣ ልጡ ለሕመም ማስታገሻ እንዲሆን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ሲታኘክና ሲቀቀል የኖረ ዛፍ ነው። አስፕሪን በጀርመን አገር በ1897 በቤተ ሙከራ የተሠራውም ይህንኑ የዛፍ ቅመም መነሻ በማድረግ ነው። እንግዲህ የሰውን ትኩሳት የሚያበርደውና የተክልን ዘብ የሚቀሰቅሰው ቅመም ወንድማማች ሆነው ተገኙ። ይህን ዕውቀት ተከትለው ፋብሪካዎች የሳሊሲሊክ አሲድን ሥራ የሚያስመስል ሰው ሠራሽ ቅመም አዘጋጁ፤ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ያሉ የትምባሆ ገበሬዎች አንዱን ዓይነት ነጠብጣብ ከሚያወጣና ከሚያጠወልግ የቫይረስ በሽታ ለመከላከል በችግኞቻቸው ላይ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እንዶድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያስቸግራል፤ እናቶቻችን ሻማና ነጠላ ያነጡበት የነበረው ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ከተማ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን በሽታ ለሰው የሚያስተላልፉት ነበሩ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ላይ ለረጅም ዓመታት ከደከሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ታሪክ ብዙ ተማሪዎች ያውቁታል። ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ግን እንዶድ ከቀንድ አውጣ ሌላ የሚናገረው ነገር እንዳለው ነው።

በአሜሪካ የሚበቅል አንድ የእንዶድ ዘመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሁለት ተመራማሪዎች የዚህን ተክል ጭማቂ ከትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ጋር ቀላቅለው ቅጠል ላይ ቢቀቡት ቫይረሱ በሽታ ማስያዝ እንደተሳነው አዩ። ምክንያቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ተገለጠ፤ በጭማቂው ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ፕሮቲን የሚሠራበትን የሕዋስ ክፍል ሥራ ያስቆመዋል፣ ቫይረሱም የሚራባበትን መሣሪያ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 የዚህ ዓይነቱ ፕሮቲን ከእኛው እንዶድ ቅጠል ተለይቶ ወጣ፤ ስሙም ከተክሉ የሳይንስ ስም ተወስዶ ዶዴካንድሪን ተባለ። በ1993 ደግሞ የአሜሪካው ዘመዱ ፕሮቲን ዘረ መል በትምባሆና በድንች ውስጥ ሲገባ ተክሎቹ ከአንድ በላይ ቫይረስ እንደተቋቋሙ ተዘገበ። በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሲታሽ የኖረው ተክል ይህን ሁሉ በውስጡ ይዞ ነበር።

ይህን ሲሰሙ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «የባልቴት መድኃኒት ነው፤ ዘመናዊ እርሻ በእንዶድና በኒም አይሠራም» ብሎ ያናንቃል። ለዚህ ወገን ብዙ ቃል አላባክንም፤ አስፕሪንም፣ ኪኒንም የተገኙት ከዛፍ ልጥ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ሁለተኛው ወገን ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ወዳጅ መስሎ ስለሚጎዳ ነው። እርሱ «የተፈጥሮ ከሆነ አይጎዳም፣ ሁሉንም በሽታ ያድናል» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ሁሉ ዓሣንም ይገድላል፤ ኒኮቲንም ከቅጠል የሚወጣ የተፈጥሮ ቅመም ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን የማያንስ መርዝ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። በየአገሩ ያሉ ገበሬዎች ተባይ ለማባረር የትምባሆ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፈው ቲማቲምና ቃሪያ ላይ ይረጫሉ። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በደረቅ የትምባሆ ቅጠል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ቲማቲምና ቃሪያም የትምባሆ ዘመዶች ናቸውና በእርሱ ይያዛሉ። እንግዲህ ሰውየው መድኃኒት ረጨሁ ብሎ ሲደሰት ራሱ በሽታ ዘርቶ ሊሆን ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛም ያልታጠበ እጁን ይዞ ወደ ችግኝ መደብ ከገባ ይኸው ይደርሳል። ለዚህ የተገኘው መላ ደግሞ የካፉሪን የጥንት በረት የሚያስታውስ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ችግኝ የሚነኩ ሰዎች እጃቸውን ወተት ውስጥ እየነከሩ ቢሠሩ የወተቱ ፕሮቲን ቫይረሱን እንደሚያግደው በሙከራ ተረጋገጠ። ርካሽ፣ ንጹሕ፣ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። (ወተቱ ለልጆች ሳይተርፍ ለችግኝ ይዋል ማለቴ አይደለም፤ ጥቂቱ ይበቃል።)

እያንዳንዱ ውሁድ ወሰን አለው፤ ወሰኑን ሳናውቅ ማወደስ ገበሬውን ማታለል ነው። ኒም ቫይረሱን አይነካውም፤ የሚያስቸግረው ተሸካሚውን ነው። ነጭ ዝንብ ደግሞ ቫይረሱን ለማስተላለፍ ረጅም ጊዜ ስለማይፈልግ ጥቂት ዝንቦች ብቻ ቢያመልጡ ማሳው ሊያዝ ይችላል። አዛዲራክቲን በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ይበላሻል፤ በካርቱም ፀሐይ በቀን የተረጨ የኒም ውሃ ከጥቂት ቀን በላይ ጉልበት አይኖረውም። እንደ እንዶድ ያሉት ተክሎች ፕሮቲን ኃይሉን የሚያሳየው በመነካካት በሚተላለፍ ቫይረስ ላይ፣ ያውም አስቀድሞ ሲቀባ ነው፤ ነፍሳት በቀጥታ በተክሉ የምግብ ማመላለሻ ሥር ውስጥ የሚያስገቡትን ቫይረስ ለማስቆም ግን ይቸግረዋል። ሳሊሲሊክ አሲድም ቢሆን ሲበዛ ተክሉን ያቀጭጨዋል። ዘቡን ሁልጊዜ ነቅቶ እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ተክል ለፍሬው የሚያውለው ስንቅ ያንሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ መግባቱ የተረጋገጠው ገዳይ የበቆሎ በሽታም ሌላ ትምህርት ነው። ይህ በሽታ ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ የሚነሣ ሲሆን በጎረቤታችን በኬንያ የታየው በ2011 ነበር። ለእንዲህ ያለው በሽታ አንድ ጣሳ የቅጠል ውሃ ይዞ መሮጥ ከንቱ ነው። የሚያስፈልገው ንጹሕ ዘር፣ በበቆሎ ማሳ ላይ ደግሞ በቆሎ አለመዝራት፣ የታመመውን ነቅሎ ማቃጠልና ተቋቋሚ ዝርያ ማራባት ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። የተፈጥሮ ውሁድ የመጀመሪያው አጥር አይደለም፤ ንጹሕ ዘርና ተቋቋሚ ዝርያ ይቀድሙታል። እርሱ ሁለቱ አጥሮች የሳሱበትን ቀዳዳ የሚደፍን ነው። በተለይ ችግኝ በመደብ ላይ ሳለ፣ ለጋነቱ በሚያሰጋበት በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት፣ ለድሃው ገበሬ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው፤ ከጓሮው የሚለቅመውን ነገር በብድር መግዛት አይኖርበትምና። ይህ እንዲሆን ግን ውሁዶቹ እዚሁ፣ በእኛው ፀሐይና በእኛው አፈር፣ በሻምባት፣ በመልካሳ፣ በሆለታና በአምቦ ባሉ ጣቢያዎች እየተለኩ መፈተን አለባቸው። እንግሊዝ አገር በመስታወት ቤት የተሠራ ሙከራ ለጀዚራ ወይም ለመቂ ማሳ የሚነግረው ግማሹን ብቻ ነው።

እዚሁ መመርመር አለበት የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ የኒምን ዘይት በተክል ፈንገስ ላይ ለመጠቀም ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያና ለአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት የባለቤትነት መብት ሰጠ። የሕንድ ገበሬዎች ከአባት ከአያት ጀምሮ ሲጠቀሙበት የኖሩት ነገር በወረቀት የሌላ ሰው ሆነ። ተከራካሪዎች ተነሥተው መብቱ በ2000 ተሰረዘ፤ የይግባኙም ነገር የተዘጋው በ2005 ነው። ያ ሁሉ ዓመት የፈጀው አዲስ ያልሆነን ነገር አዲስ አይደለም ለማሰኘት ነው! እንዶድም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። በ1990 ዶክተር አክሊሉ ለማ በኦሃዮ የቶሌዶን ዩኒቨርሲቲ በጎበኙ ጊዜ የውሃ ቧንቧ የሚዘጉ ዛጎል ለበስ እንስሳት አካባቢውን አስቸግረው ነበር። እንዶድ ተሞከረባቸውና ገደላቸው፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት አወጣ። እኔ የውጭ ሊቃውንትን ጠላት አድርጌ አልቆጥርም፤ ያለ ሽሙተረር የኒም ምስጢር ይህን ያህል አይገለጥም ነበር። ነገር ግን በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ በሙከራ ያልተለካ ዕውቀት በክርክር ጊዜ ምስክር የሌለው እርስት ይሆናል።

ጊዜም አይጠብቀንም። በዋድ መዳኒ የሚገኘው የሱዳን የዘር ባንክ ከተማይቱ በዲሴምበር 2023 በጦርነቱ ከተያዘች በኋላ ተዘርፎ ተበላሸ። በድካም የተሰበሰቡ የማሽላና የሌሎች ሰብሎች ዘሮች በአንድ ወቅት ተበተኑ፤ ሌላ ቦታ የተረፉት ጥቂቶቹ በፌብሩዋሪ 2025 በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ወዳለው የስቫልባርድ የዘር ማከማቻ ተላኩ። በሽታን የሚቋቋም ዝርያ የሚወጣው ከእንዲህ ያለው የዘር ጎተራ ነው። ኒሙና እንዶዱ ቢቆረጡ መልሰው ያቆጠቁጣሉ፤ የጠፋ ዘር ግን አያቆጠቁጥም።

ተማሪዎች ከዚህ ሥራ ውጭ ናችሁ ብዬ አላምንም። ትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ ካለው ሦስት መደብ በቂ ነው። በሦስቱም ላይ ከአንድ ከረጢት የወጣ የቲማቲም ዘር በአንድ ቀን ይዘራ፤ እኩል ውሃ ይጠጣ። ግማሽ ኪሎ ያህል የተፈለፈለ የኒም ፍሬ ተወቅጦ በአሥር ሊትር ውሃ ውስጥ ያድርና ይጠለል፤ ጥቂት ሳሙና ይጨመርበት። ይህ ውሃ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በየሳምንቱ ለመጀመሪያው መደብ ይረጭ። ሁለተኛው መደብ ተራ ውሃና ሳሙና ብቻ ይረጭ፤ ሦስተኛው ምንም አይረጭ። በየሳምንቱ ስንት ተክል ቅጠሉ እንደተጠቀለለ፣ በቅጠሉ ሥር ስንት ነጭ ዝንብ እንደተገኘ በደብተር ይጻፍ፤ የሚቆጥረው ተማሪ የትኛው መደብ ምን እንደተረጨ ባያውቅ ይመረጣል፤ ያወቀ ሰው የሚፈልገውን ነው የሚያየው። ሦስቱ መደቦች ልዩነት ባያሳዩም ያው ይጻፍ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሌላ ክፍል ያንን ደብተር ተቀብሎ በእንዶድ ቅጠል ይሞክር።